ሴሌኒየም ለፍየል፦ የጨጓራ ባክቴሪያዎች ምን ያደርጉታል? መጠኑስ ስንት ነው?

ገንደቆሬ

ሰላም ለቤቱ። የፍየል መኖ የገባችሁ እስቲ ይህን እዩልኝ።

ድሬዳዋ፣ 24 የሐረርጌ ደጋ ፍየሎች፣ አማካይ ክብደታቸው 30 ኪሎ። ዘጠኙ እርጉዝ ናቸው፤ ለመውለድ ሁለት ወር ገደማ ይቀራቸዋል። ጠዋት ገራባ (የጫት ትራፊ)፣ ቀን የማሽላ አገዳና ቅጠል፣ ማታ ለእያንዳንዳቸው 300 ግራም ድብልቅ ይቀርባል። ድብልቁ ፉሩሽካ፣ የለውዝ ፋጉሎና ጨው ነው። አሁን ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድን በሁለት ዓይነት ቀርቧል፦ አንዱ በእርሾ የተያዘ፣ በኪሎ 2000 ሚሊግራም ሴሌኒየም ያለው፤ ሌላው "ሶዲየም ሴሌናይት 1 በመቶ" የሚል ዱቄት።

የቱ ይሻላል? ለአንድ ኩንታል ድብልቅ ስንት ግራም ይገባል? ሻጮቹ "የሆድ ባክቴሪያ ያበዛል፣ ፍየሏን ያደልባል" ይላሉ፤ ይሄስ ምን ያህል እውነት ነው?

ሐኪም_ጋራ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ካልተፈታ የመጀመሪያውም አይፈታም።

ፍየል ሴሌኒየም ስትበላ ቀድመው የሚቀበሉት ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያ፣ ፕሮቶዞዋና ፈንገስ ናቸው። እነሱ የሚፈልጉትን ወስደው፣ የቀረውን ለውጠው ነው ወደ ሽንፍላ፣ ከዚያም ወደ አንጀት የሚለቁት። ሴሌናይት እዚያ ሲደርስ ከፊሉ እንዳለ ያልፋል። ከፊሉን ባክቴሪያዎቹ በሰልፈር ቦታ ፕሮቲናቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ሴሌኒየምና ሰልፈር ጠባያቸው ስለሚመሳሰል ይምታታባቸዋል። ሌላውን ደግሞ ኦክስጅኑን ገፈው ንጹሕ ሴሌኒየም ያደርጉታል። ይህ ንጹሕ ሴሌኒየም በውሃ አይሟሟም፣ አንጀትም አይመጠውም፤ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፦ ባክቴሪያዎቹ ሴሌናይት በተጨመረበት ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ፈሳሹ እያደር የሸክላ ጡብ መልክ ይይዛል። ያ ቅላት ፍየሏ የማታገኘው ሴሌኒየም ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ንጽጽር አሳማ በአፍ ከተሰጠው ሴሌናይት 85 በመቶ ገደማ ሲመጥ በግ የመጠጠው 34 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። አሳማ ጨጓራው አንድ ነው፣ አያመሰኳም። ፍየል በዚህ በኩል እንደ በግ ናት።

በእርሾ የተያዘው አብዛኛው ሴሌኖሜቲዮኒን ነው፤ ማለትም ሴሌኒየሙ ከአሚኖ አሲድ ጋር ተጣብቋል። ከፊሉ ጨጓራ ውስጥ መፍረሱ ባይቀርም ከሴሌናይት የተሻለው ክፍል አምልጦ አንጀት ይደርሳል። ደግሞም ጡንቻና ወተት ውስጥ ይቀመጣል፣ ፍየሏም በቸገራት ጊዜ ትጠቀምበታለች። ስለዚህ ለእርጉዞቹ እርሾው ይሻላል። በእንግዴ ልጅና በእንገር በኩል ለግልገሉ የሚደርሰው ይበልጣል።

"ባክቴሪያ ያበዛል" ለሚለው፦ በበግ፣ በፍየልና በላም ላይ ከተሠሩ ሙከራዎች በርከት ያሉት በልኩ የተጨመረ ሴሌኒየም የጨጓራውን ብላት (ባክቴሪያዎቹ መኖውን የሚያፈሉበትን ሥራ) እንደሚያነቃቃ ያሳያሉ። አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ በድምሩ ይጨምራሉ፣ የፕሮፒዮኒክ ድርሻ ከፍ ይላል፣ አሞኒያ ይቀንሳል። እነዚህ አሲዶች ፍየሏ ከምታገኘው ጉልበት እስከ 70 በመቶ ስለሚሸፍኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። አሞኒያው ሲቀንስ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅኑን ለራሳቸው ፕሮቲን ተጠቅመውበት ሊሆን ይችላል። ግን ይህ የታየው በልኩ ሲሰጥ ነው። መጠኑ ሲያልፍ መስመሩ ይታጠፍና ያው ሴሌኒየም ባክቴሪያዎቹን ማፈን ይጀምራል። መኖው ውስጥ በቂ ካለ ደግሞ መጨመሩ ብዙ ጊዜ ምንም አይለውጥም።

በነገራችን ላይ ሴሌኖሞናስ የሚባል የታወቀ የጨጓራ ባክቴሪያ አለ። ስሙን ያገኘው ከሴሌኒየም አይደለም፤ ቅርጹ ጨረቃ ስለሚመስል ነው። ሴሌኒየምም ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጨረቃ ነው፣ በ1817 (እ.ኤ.አ.) ሲገኝ። ሻጭ "ስሙ ራሱ ይመሰክራል" ቢላችሁ አትቀበሉት። ባክቴሪያው ሴሌናይትን ወደ ውስጡ ማስገባቱ ግን እውነት ነው።

ደቻቱ

እኔ ስለ መጠኑ ልናገር። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስሕተቱም ይገድላል።

ፍየል የምትፈልገው በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊግራም ነው። በኪሎ መኖ! በኪሎ ክብደት አይደለም። ባለ 30 ኪሎ ፍየል በቀን ከክብደቷ 3 በመቶ ያህል፣ ማለትም 900 ግራም ደረቅ መኖ ትበላለች። በ0.3 ካሰብነው ለቀኑ 0.27 ሚሊግራም ነው። አንድ ሰው ይህን 0.3 በክብደቷ ቢያባዛው 9 ሚሊግራም ይሰጣታል፣ 33 እጥፍ። በመኖ ሲሰላ ይህ በኪሎ 10 ሚሊግራም ይሆናል። የሚያመሰኩ እንስሳት ሊችሉት ይችላሉ የሚባለው ጣሪያ 5 ነው።

አሁን የእርስዎን እንሥራ። ገራባውና አገዳው ከራሳቸው የሚሰጡት ስለማይታወቅ ጥቂት እንዳለ እንቁጠርና በቀን 0.15 ሚሊግራም እንጨምር። ያ በ300 ግራም ድብልቅ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ በአንድ ኪሎ ድብልቅ 0.5፣ በኩንታል 50 ሚሊግራም። እርሾው በግራም 2 ሚሊግራም ስላለው ለኩንታል 25 ግራም ይበቃል።

የሴሌናይቱን ዱቄት ግን ጽሑፉን ደግመው ያንብቡ። "1 በመቶ ሶዲየም ሴሌናይት" እና "1 በመቶ ሴሌኒየም" አንድ አይደሉም። ሶዲየም ሴሌናይት ከክብደቱ 45.7 በመቶው ብቻ ነው ሴሌኒየም። የመጀመሪያው ከሆነ በኪሎ 4.57 ግራም አለው፣ ለኩንታል 11 ግራም ይገባል። ሁለተኛው ከሆነ በኪሎ 10 ግራም ነው፣ 5 ግራም ይበቃል። 4.5 በመቶ ሴሌኒየም ያለውም ይሸጣል፣ የእሱ 1.1 ግራም ብቻ ነው። ጽሑፉ ግልጽ ካልሆነ ዱቄቱን አይግዙ። ያልተቀላቀለ ንጹሕ ሴሌናይት ደግሞ ለኩንታል 0.11 ግራም ነው፤ በወጥ ቤት ሚዛን የማይመዘን መርዝ ስለሆነ ቤት ውስጥም አይግባ።

ኤረር_ማዶ

አቦ፣ በጣም አጠበባችሁት! ሙከራዎቹ ላይ ከዚህ ብዙ እጥፍ ሰጥተው ጥሩ ውጤት ያገኙ አሉ። ጨጓራው አብዛኛውን የሚያባክነው ከሆነ ለብክነቱም አስበን እጥፍ ብንጨምር ምናለ? ናኖ ሴሌኒየም የሚባለውስ?

ሐኪም_ጋራ

ወንድሜ፣ ብክነቱ ቀድሞ ተቆጥሯል። 0.1–0.3 የሚለው መጠን የወጣው የሚያመሰኩ እንስሳትን መምጠጥ ታሳቢ አድርጎ ነው። በላዩ ሌላ እጥፍ መጨመር አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የአሜሪካ ሕግ በጠቅላላው መኖ ላይ የሚጨመረውን በኪሎ 0.3 ሚሊግራም ላይ ያቆመዋል። የአውሮፓው በመኖው ካለው ጋር ተደምሮ ከ0.5 አያሳልፍም።

ሙከራዎቹን ስታነብ ሦስት ነገር እይ።

አንደኛ፣ እርሾው ራሱ ምግብ ነው። ሴሌኒየም የተያዘበት እርሾ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት የሌለው ነው፣ ስለዚህ እንደ ሕያው እርሾ አይሠራም። ቢሆንም ቪታሚን ቢና የሴል ግድግዳው ባክቴሪያውን ይጠቅማሉ። ሙከራው ሴሌኒየም የሌለው እርሾ የበላ ቡድን ከሌለው ለውጡ ከሴሌኒየሙ ይሁን ከእርሾው መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ በዲኤንኤ ንባብ "ይህ የባክቴሪያ ወገን ጨመረ" ሲባል የሚነገረው ድርሻ ነው። የአንዱ ድርሻ ከፍ የሚለው ሌላው ስለቀነሰ ብቻም ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ቁጥሩ ካልተለካ "አበዛ" ማለት አይቻልም። ከበጠጥ የተወሰደ ናሙናም የሚያሳየው የኋለኛውን አንጀት ነው፣ ጨጓራውን አይወክልም። ከጨጓራ በቱቦ ሲቀዳ ደግሞ የመጀመሪያው ፈሳሽ ምራቅ ይበዛበትና ፒኤቹን (የአሲድ መለኪያውን) ከፍ ያደርገዋል፤ እሱን ደፍቶ ቀጣዩን መውሰድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ጊዜው። የጨጓራው ሠራዊት ከአዲስ መኖ ጋር እስኪላመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በሳምንት ውስጥ የታየ ለውጥ የሚነግርህ መደናገጡን ነው።

ናኖው ያው ንጹሕ ሴሌኒየም ነው፣ በጣም ደቅቆ። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸውም ከሴሌናይት ተመሳሳይ ደቃቅ ቅንጣት ይሠራሉ። በበግ ላይ ብላቱን ያሻሻለባቸው ሙከራዎች አሉ። ገበያ ላይ ያለው ግን የቅንጣቱ መጠንና መጠቅለያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ጽሑፉም አይነግርህም። በማይታወቅ ዕቃ ላይ ልኩን ማስላት አይቻልም።

ገንደቆሬ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ደቻቱ። ስሌቱ ገባኝ። እርሾውን እወስዳለሁ። 25 ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ እንዴት እኩል ይዳረሳል? በአካፋ ማገላበጥ ይበቃል?

ደቻቱ

በቀጥታ ከጣሉት አይበቃም። አንዷ ፍየል የአምስቱን ድርሻ ትበላለች፣ አራቱ ባዶ ይቀራሉ። በየደረጃው አሥር እጥፍ ያህል እያደረጉ ያስፉት።

25 ግራሙን በትንሽ ሚዛን ይመዝኑ። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ካገኙ በጣም ጥሩ ነው። ከ250 ግራም የተነፋ ፉሩሽካ ጋር ክዳን ባለው ማሰሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው ለአምስት ደቂቃ ይናጡት። ዕቃው ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ፤ ከሞላ ውስጡ አይዟዟርም። ይህን በሳፋ ከ2.5 ኪሎ ፉሩሽካ ጋር በእጅ ይሹት፣ ጓንት አድርገው። ከዚያ ሸራ ላይ ከ25 ኪሎ ጋር፣ በመጨረሻም ከቀረው ጋር። ሸራው ላይ ክምሩን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ እያዛወሩ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ያገላብጡ። ፋጉሎው አስቀድሞ ይወቀጥ። ጓል ካለው ዱቄቱ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጓሉ ከላይ ይቀራል።

መዳረሱን ማየት ከፈለጉ መጀመሪያ ያለ ሴሌኒየም ጥቂት የምግብ ቀለም በዚሁ መንገድ አደባልቀው ይሞክሩ። ከአምስት ቦታ ጭብጥ ጭብጥ አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ያስተያዩ። ሽንትር ከታየ ማገላበጡ አንሷል ማለት ነው።

24 ፍየል በ300 ግራም በቀን 7.2 ኪሎ ነው፤ ኩንታሉ 14 ቀን ያህል ይወስዳል። ከዚያ የበለጠ አያዘጋጁ። በድሬ ሙቀት የለውዝ ፋጉሎ ቅባቱ ይሸታል፣ ቪታሚን ኢም ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ 300 ግራም የሚባለው በአማካይ ነው። ግርግሙ ጠባብ ከሆነ ቀንዳሟ ሌላዋን ገፍታ እጥፍ ትበላለች። ለእያንዳንዷ ቢያንስ 35 ሳንቲሜትር ቦታ ይኑራት፤ እርጉዞቹ ደግሞ ለብቻ ይብሉ። ለማደለብ ድብልቁን ወደ 600 ግራም ካሳደጉ ሴሌኒየሙም አብሮ እጥፍ ይሆናልና በኩንታል ወደ 12.5 ግራም ያውርዱት።

ባቢሌ_ለውዝ

ስለ መኖው ማንም አላነሳም፤ ለጨጓራው ከሴሌኒየሙ በፊት የሚመጣው ግን እሱ ነው።

ገራባ ታኒን ይበዛበታል። ታኒን ፕሮቲን ይይዛል፣ የባክቴሪያዎቹንም ሥራ ያዘገያል። ገራባው ከበዛ የሴሌኒየም ጥቅም ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ብላቱ አስቀድሞ ተይዟልና። ጫት ላይ ፀረ ተባይ መረጨቱንም አትርሱ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገራባ ለእርጉዝ ፍየል አይሰጥ።

የለውዝ ፋጉሎ ሻጋታ ይወዳል። አፍላቶክሲን ያለበት ፋጉሎ ጉበት ይጎዳል፣ እርጉዟንም ያስወርዳል። የሻገተ ሽታ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለው ይጣል። ንጹሕ የሚመስለውም ከመርዙ ነጻ ላይሆን ይችላልና እርጥበት ነክቶት የቆየ አይገዛ።

ሞላሰስ የምትጨምሩ ደግሞ ሰልፈር እየጨመራችሁ ነው። ሰልፈር ሲበዛ ከሴሌኒየም ጋር ይሻማል፣ መጠቀሙንም ይቀንሳል። ካልሲየም ከልክ ሲያልፍም መምጠጡ ይወርዳል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያን ነጭ ቅርፊት የሚተወው ካልሲየም ስላለው ነው፤ በላዩ ኖራ ወይም የአጥንት ዱቄት በግምት አትጨምሩ።

አረንጓዴ ነገር በሌለበት በጋ ቪታሚን ኢ ያንሳል። እሱና ሴሌኒየም አንዱ የአንዱን ሸክም ያግዛሉ፤ ደርቆ በፀሐይ የከረመ አገዳ ውስጥ ግን ቪታሚን ኢ የለም ማለት ይቻላል። በቀን አንድ ሁለት እፍኝ ለምለም ቅጠል ማግኘት ከቻላችሁ በዱቄት ከሚሸጠው ይሻላል።

አቦከር_ሰፈር

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የግልገሎቹን ነገር ንገሩኝ። ተወልዶ ሁለት ሳምንት የሞላው ግልገል ዓይኑ ንቁ ሆኖ፣ ጡትም እየጠባ፣ የኋላ እግሩ ደርቆ መቆም ቢያቅተው ሴሌኒየም ነው ማለት ይቻላል? ያው ድብልቅ ይሰጠው?

ሐኪም_ጋራ

ይቻላል፣ ግን ሌላም ሊሆን ይችላል። የሴሌኒየምና የቪታሚን ኢ እጥረት ጡንቻውን ያነጣዋል። ግልገሉ ግትር ብሎ ይራመዳል፣ ይተኛል፤ ልቡ ከተነካ በድንገት ይሞታል። መገጣጠሚያው ካበጠና ከሞቀ ግን በእትብቱ የገባ ኢንፌክሽን ነው። የኋላው እየተወላገደ፣ ሳይደርቅ ከዛለ የመዳብ እጥረት ይጠረጠራል። ሐኪም ዳስሶ ይለየው።

ድብልቁን አትስጪው። የሚጠባ ግልገል ጨጓራው ገና አልሠራም፤ ወተቱ ጨጓራውን አልፎ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል ይገባል። እናቱን ከመጠን በላይ እንዳትመጥ የሚጠብቋት ባክቴሪያዎች እሱ ዘንድ የሉም፣ ሆዱም እንደ አሳማው ይመጥጣል። እናት የምትችለው መጠን እሱን ይመርዘዋል።

የሚሰጠው መርፌ ነው፣ በሐኪም እጅ። የተለመደው በኪሎ ክብደት 0.055 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን ከቪታሚን ኢ ጋር ይመጣል። መርፌዎቹ በጥንካሬ ይለያያሉ፦ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ያለውም 5 ያለውም አለ። "ባለፈው አንድ ሲሲ ሰጥተን ነበር" ብሎ በሌላው ጠርሙስ መድገም አምስት እጥፍ መስጠት ነው።

መርፌ ለተወጋ መንጋ በዚያው ሳምንት አዲስ ድብልቅ መጀመር፣ በላዩም ሴሌኒየም ያለበት የሚላስ ጡብ መስቀልም ያው ነው። ሦስቱ ይደመራሉ። ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ከሸተተ፣ መተንፈስ ከከበዳት፣ ከዋለ ካደረም ፀጉሯ ከረገፈና ሰኮናዋ ከተሰነጠቀ ሁሉንም አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ።

ለገሀሬ

መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ይመስለኛል፦ እነዚህ ፍየሎች እውነት ሴሌኒየም ጎድሏቸዋል? በ2021 (እ.ኤ.አ.) በኔቸር መጽሔት የወጣው የኢትዮጵያና የማላዊ የእህል ጥናት በእህሉ ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል። አሲዳማ አፈር ሴሌኒየሙን ይዞ ያስቀራል፣ ኖራማ አፈር ይለቃል። የድሬ ቆላና ከሐረር በላይ ያለው ደጋ አንድ አፈር አይደሉም። ሰው በሌላ አገር መጠን ከመነሳቱ በፊት ደም ቢያስመረምር ገንዘቡም ፍየሉም ይተርፉለታል።

ደቻቱ

ልክ ነህ፣ ለገሀሬ። ገንደቆሬ፣ ሁለት ወር አለዎት፣ ይበቃል። ከእርጉዞቹ ከአምስት እስከ ሰባት ይምረጡ፣ አንዷ ብቻ ምንም አትናገርም። ሙሉ ደም ያለፉትን ሦስት አራት ወራት ያሳያል፣ ሴረም (ደም ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ያለፉትን ሳምንታት። መኖ ከተለወጠ ቅርብ ከሆነ ሙሉ ደሙን ያምኑ። በሙሉ ደም ከ0.05 ሚሊግራም በሊትር በታች ጉድለት ነው፣ ከ0.1 በላይ ከሆነ ዱቄቱን ይተዉት። መካከል ላይ ካረፈ ያሰላነውን 25 ግራም ይጀምሩ፤ አዲሱን ድብልቅ በአሮጌው ቦታ በአሥር ቀን ቀስ እያሉ ይተኩ። ከመጀመርዎ በፊት ይቀዳ፣ ከጀመሩ በኋላማ ጉድለቱን የሚያሳየው ነገር የለም። ውጤቱን እንደገና የሚለኩት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሴሌኒየሙ የሚገባው አዲስ በሚሠሩት ቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ በአሥር ቀን ቢለኩ ለውጥ አያዩም።

ገንደቆሬ

ደሙን በየትኛው ብልቃጥ? ሐረር ድረስ በሚሄድበት ጊዜስ በሙቀቱ አይበላሽም?

ደቻቱ

ለሙሉ ደም ክዳኑ ሐምራዊ የሆነው፣ እንዳይረጋ መድኃኒት ያለበት። እንደተቀዳ ስምንት ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይገልብጡት፣ አይናጡት። በረዶ ባለበት ሳጥን፣ በረዶውን ሳይነካ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሂድ። ጠዋት ቀድተው ዕለቱን ያድርሱት። የፍየሏን ቁጥር ብልቃጡ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፣ የብዕሩ ቀለም በረዶ ውሃ ሲነካው ይለቃል።

ገንደቆሬ

ማክሰኞ ጠዋት ከሰባቱ ይቀዳል። ዱቄቱ ውጤቱ እስኪመጣ አይከፈትም። እስከዚያ ገራባውን ከግማሽ በታች አወርዳለሁ፣ ለእርጉዞቹም ግርግም ለብቻ ይሠራል። ቁጥሩ ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።